ጋሼ፣ አባህላሊ ጠላታችን አይደለም

ሰሞኑን ደቡብ አፍሪካ ባለን ሐበሾች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተውን ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስምዎን ስላላሰፈሩበት እኔም ስም አልጠራም። ጆሃንስበርግ ውስጥ ብዙ ዘመን እንደነገዱና ልጆች እንዳሳደጉ ግን ጽፈዋል። በዕድሜ ይበልጡኛል ማለት ነው፣ ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልመልስልዎት።

ላላነበበው ሰው በአጭሩ ልናገር። ጽሑፉ ስለ አባህላሊ ባሴምጆንዶሎ ነው። በዙሉ ቋንቋ «የቆርቆሮ ቤት ነዋሪዎች» እንደማለት ነው። እዚሁ ደርባን የተጀመረ፣ ድሆች ራሳቸው ያቋቋሙትና ራሳቸው የሚመሩት ንቅናቄ ነው። ሶሻሊስት ነን ብለው በግልጽ ይናገራሉ፣ ቀይ ቲሸርት ይለብሳሉ። ጋሼ ስለ እነሱ ስድስት ነገር ብለዋል። መሬት ዘራፊዎች ናቸው። ነጻ ቤት የሚጠብቁ ሰነፎች ናቸው። ከጀርባቸው የፈረንጅ ገንዘብ አለ። ኮሚኒስት ስለሆኑ ደርግን ይደግሙታል። አቋም የላቸውም። በመጨረሻም የውጭ ሰው ይጠላሉ፣ ሱቃችንን የሚዘርፉት እነሱ ናቸው ብለው፣ ሐበሻ ከእነዚህ ሰዎች ይራቅ ብለው መክረዋል።

እኔ ደርባን ውስጥ ከእንዲህ ዓይነት መንደር አጠገብ ሱቅ ይዤ ከአስር ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። የንቅናቄው አባል አይደለሁም። ግን ደንበኞቼ ናቸው፣ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ስብሰባቸው ላይም ተቀምጫለሁ። ዝም ማለት አልቻልኩም። (ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

«መሬት ዘራፊዎች» ከሚለው ልጀምር፣ የሁሉም ነገር ሥር እዚህ ጋ ነው።

ኬኔዲ ሮድ የሚባል መንደር አለ፣ ከከተማው ትልቅ የቆሻሻ መጣያ ጥግ የተጠጋ። አጠገቡ ባዶ መሬት ነበር። ለነዋሪዎቹ ቤት ይሠራበታል ተብሎ ለዓመታት ቃል የተገባላቸው መሬት ነው። አንድ ቀን ቡልዶዘር መጥቶ መቆፈር ጀመረ። ሰዉ ቤታችን ሊሠራ ነው ብሎ ደስ ብሎት ሄዶ ሲጠይቅ፣ መሬቱ ለጡብ ፋብሪካ እንደሆነ ተነገረው። ማርች 19 ቀን 2005 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወጥተው አውራ ጎዳናውን ዘጉ። 14 ሰው ታሰረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከሌሎች መንደሮች ጋር ተሰብስበው ስም አወጡለት። አባህላሊ የተወለደው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቃል ያፈረሰው ማነው ጋሼ?

ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ። በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለጥቁሩ ሕዝብ ከገዛ አገሩ መሬት 7 በመቶ ያህል ብቻ ተወለት። በ1936 ወደ 13 በመቶ ገደማ አሳደጉት። እዚሁ ደርባን ኬቶ ማነር ይኖር የነበረውን ሕዝብ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ መጀመሪያ ቤቱን እያፈረሱ ወደ ኡምላዚና ወደ ክዋማሹ፣ ከከተማው ርቀው ወዳሉ ሎኬሽኖች (የጥቁሮች ሠፈሮች) ጫኑት። በ1994 አፓርታይድ ሲያበቃ ሰዉ ድምፅ አገኘ፣ መሬቱ ግን በአብዛኛው ባለበት ቀረ። ሥራ ያለው ደግሞ ከተማ ውስጥ ነው። ሰው ሥራ ወዳለበት ይመጣል። እኛስ ከሆሳዕና ከአዲስ አበባ ተነስተን ስንት ድንበር አቋርጠን የመጣነው ለምንድነው?

እኛ አገር ጨረቃ ቤት የሚባል ነገር እናውቃለን። ሌሊት ተሠርቶ ሲነጋ ቆሞ የሚገኝ ቤት። ሠሪው ጨለማ ስለሚወድ አይደለም ሌሊት የሚሠራው። ቀን ሄዶ ቢጠይቅ የሚሰጠው ስለሌለ ነው። እዚህም ያው ነው። የአባህላሊ የመጀመሪያው መርህ ከዚህ ነው የሚወጣው። መሬት ከሚያወጣው ዋጋ በፊት የሚሰጠው ጥቅም ይታይ ይላሉ። ሰው የሚያድርበት አጥቶ ሳለ፣ ዋጋው ይጨምራል ተብሎ ታጥሮ የሚቀመጥ መሬት ሊኖር አይገባም ነው ነገሩ። ይሄን ዘረፋ ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ሕግ አያከብሩም ላሉት ደግሞ እውነቱ ተቃራኒው ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤቱ አይባረርም ይላል። በ2007 ደርባን ያለችበት የክዋዙሉ ናታል ክፍለ ሀገር ማፈናቀልን የሚያቀል ሕግ አወጣ። አባህላሊ ምን አደረገ? ክስ መሠረተ። ከታች ተሸነፈ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2009 የሕጉን ዋና አንቀጽ አስሻረ። የቆርቆሮ ቤት ሰዎች ናቸው ክፍለ ሀገሩን በሕግ የረቱት። ያ ፍርድ ከመሰጠቱ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ ሴፕቴምበር 26 ሌሊት፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ኬኔዲ ሮድን ወረሩ። ሁለት ሰው ሞተ። የመሪዎቹ ቤት ፈራረሰ። የታሰሩት ግን የንቅናቄው ሰዎች ናቸው፣ 12 ሆነው ተከሰሱ። በ2011 ጁላይ ፍርድ ቤቱ ሁሉንም በነጻ አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላም በ2013 እዚሁ ደርባን ኬቶ ክሬስት ላይ ፍርድ ቤት አታፍርሱ እያለ ማዘጋጃ ቤቱ ማፍረሱን ቀጥሎ ነበር። እና ሕግ የማያከብረው የትኛው ነው?

ሁለተኛው፣ ስንፍና። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፣ ከሱቄ መስኮት የማየው ይበቃኛል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መዝጊያውን ስከፍት ቀድመውኝ መንገድ ላይ ናቸው። ዘበኛ አለ፣ ጽዳት የምትሠራ አለች፣ የሰው ልጅ የምታሳድግ አለች። ዳቦና አንድ እንቁላል ገዝተው ታክሲ ይሳፈራሉ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። ቤት ስጡን ብቻ እያሉም አይቀመጡም። ኬቶ ማነር ውስጥ ኤኬናና በሚባለው ሠፈራቸው አትክልት ያለማሉ፣ ዶሮ ያረባሉ፣ ትንሽ ሱቅ ከፍተዋል፣ ቅኝ ግዛትን ይቃወም በነበረው ጸሐፊ በፍራንዝ ፋኖን ስም የሰየሙት ትምህርት ቤት አላቸው። ከዚያ ሠፈር መሪዎች ሦስቱ፣ አያንዳ ንጊላ፣ ኖኩቱላ ማባሶ እና ሊንዶኩህሌ ምንጉኒ፣ በ2022 በአንድ ዓመት ውስጥ ተገደሉ። ማርች፣ ሜይ፣ ኦገስት። ለእነዚህ ሰዎች ሰነፍ የሚለው ቃል እንዴት እንደመጣልዎት አላውቅም።

መብራት ይሰርቃሉም ብለዋል። እውነት ነው፣ ሽቦ ይቀጥላሉ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። የደርባን ማዘጋጃ ቤት በ2001 ለቆርቆሮ ቤት መንደሮች መብራት ማስገባት እንዲቆም ወስኖ ነበር። ሐምሌ እዚህ ብርድ ነው። አንድ ሌሊት ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ከመንደሩ ጫፍ እሳት ይታየኛል። የነጭ ጋዝ ምድጃ ተገልብጦ ነው። ግድግዳው ካርቶንና ጣውላ ነው፣ በቤትና በቤት መካከል አንድ ክንድ እንኳ የለም። ውሃ የሚቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነው። ሰው በባልዲ፣ በድስት፣ በሕፃን መታጠቢያ ሳህን ሳይቀር እየተቀባበለ ያፈሳል። እኔም የሱቁን ጀሪካን ሁሉ አወጣሁ። የእሳት አደጋ መኪናው ሲደርስ 30 ቤት ገደማ አመድ ሆኗል። በነጋታው አንዲት ደንበኛዬ የቀለጠ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ የልጇን የትምህርት ቤት ጫማ ስትፈልግ አየኋት፣ አንድ እግሩን አግኝታዋለች። ሽቦ የሚቀጥሉት ከዚህ ምድጃ ለመሸሽ ነው።

ሦስተኛው የፈረንጅ ገንዘብ ነገር ነው። ይሄ አዲስ አይደለም፣ በ2005 መንግሥትም ከጀርባቸው «ሦስተኛ ኃይል» አለ ብሎ ነበር። መሥራቹ ስቡ ዚኮዴ ያኔ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ሰው ነበር። ሦስተኛው ኃይል የድሃው ስቃይ ነው ብሎ መለሰላቸው። በ2006 ደግሞ ወዳጆቻችሁ ነን ከሚሉ ምሁራንና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ጋር በአደባባይ ተጋጭተዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር፣ ስለ እኛ አታውሩ፣ ከእኛ ጋር ተነጋገሩ አሉ። በገንዘብ የሚነዳ ሰው ገንዘብ ያለውን ወዳጁን እንዲህ አይጋፈጥም።

አሁን ወደ ደርግ። ይሄኛው ነጥብዎ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ምክንያቱም ከልብዎ እንደጻፉት ገብቶኛል።

እናቴ ወንድሟን ያጣችው በ1970 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። በቀይ ሽብር። እስከ ዛሬ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አትሰቅለውም፣ በነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ስለዚህ ቀይ ቲሸርት የለበሰ ሰው ጓድ፣ ጓድ ሲባባል ስሰማ መጀመሪያ እኔንም ሰውነቴን ውርር አድርጎኛል። የእርስዎን ፍርሃት አልንቅም።

ግን ደርግ ምን እንደሠራ በደንብ እናስታውስ። መሬት ለአራሹ ብሎ የጮኸው ተማሪው ነው፣ በ1965 ፓርላማው ደጅ ላይ። አስር ዓመት ቆይቶ ወታደሩ አዋጁን በራሱ ማኅተም አወጀው። የገጠሩ በማርች 1975፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በጁላይ። ቀበሌ የመጣው በዚያው በከተማው አዋጅ ነው። ሲጀመር የነዋሪዎች ማኅበር ነበር እኮ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነ ቤት ያስተዳድራል፣ ጠብ ይዳኛል። እናቴ እንደምትለው መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ከላይ ትእዛዝ መጣ። ቀበሌው ጠመንጃ ታጠቀ። ስብሰባ ያልመጣ ሰው ስኳርና ሳሙና ይከለከላል። በመጨረሻ የሠፈር ልጅ የሠፈር ልጅን አሳልፎ ሰጠ። የነዋሪው ማኅበር ከነዋሪው እጅ ወጥቶ የመንግሥት እጅ ሆነ።

እኔ የደርግን ጥፋት የማየው እዚህ ጋ ነው። ድሃው ቤት ይኑረው ማለቱ ጥፋት አልነበረም። በድሃው ስም ሌላ ሰው መወሰኑ ነው ጥፋቱ። አባህላሊ ደግሞ የተነሳው በትክክል ይሄንን ለመከላከል ነው።

ስብሰባቸውን ልንገርዎት። የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው፣ ትልልቅ ሰዎች የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ። በጸሎትና በመዝሙር ይጀመራል። የምትመራው ሴት ናት። ያን ቀን አጀንዳው ማዘጋጃ ቤቱ ሰዎቹን ከከተማ ውጭ ወደ ጊዜያዊ የቆርቆሮ መጠለያ ላዛውር ማለቱ ነበር። «ጊዜያዊ» የሚባለው መጠለያ ውስጥ ዓመታት የቆዩ ሰዎች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ሁለት ተወካዮች ከባለሥልጣኑ ጋር ሊነጋገሩ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ምን እንደሚሉ፣ ምን እንደማይሉ፣ ምን ላይ እንደማይፈርሙ ስብሰባው ይነግራቸዋል። ሲመለሱ ሪፖርት ያደርጋሉ። አንድ አሮጊት ለሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ፣ ግማሹ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነበር፣ ማንም አላቋረጣቸውም። መጨረሻ ላይ ግን ከዚያ ቦታ እስከ ሆስፒታሉ ሁለት ታክሲ እንደሚያስፈልግና የሁለት ታክሲ ገንዘብ እንደሌላቸው ተናገሩ። ያ ቃል ተወካዮቹ ይዘውት ከሚሄዱት የመጀመሪያው ነጥብ ሆነ። እነሱ ይሄን የኑሮ ፖለቲካ ይሉታል። አሮጊቶች የማይገባቸው ፖለቲካ የእኛ አይደለም ይላሉ። መሪዎቻቸውን ይመርጣሉ፣ ካልሠሩ ያወርዳሉ። ፓርቲ ሆነው ወንበር ሲወዳደሩ አላየኋቸውም።

ጋሼ፣ የእናቴ ቀበሌ እንዲህ ሆኖ ቢቀር ኖሮ አጎቴ ዛሬ ይኖር ነበር ብዬ አስባለሁ።

እርግጥ ነው፣ ማንም ንቅናቄ ሊበላሽ ይችላል። እነሱም ሰው ናቸው። እስካሁን ግን ገዳዮች ሆነው አላየኋቸውም፣ ሟቾች ናቸው። በ2014 ከንቅናቄው ሰዎች አንዷ ቱሊ ንድሎቩ ክዋንዴንጌዚ በሚባል ሠፈር ቤቷ ተቀምጣ በጥይት ተገደለች። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ከፈረደባቸው ሰዎች ሁለቱ የገዥው ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ነበሩ። ንቅናቄው ራሱ እንደሚቆጥረው የተገደሉበት ሰዎች ከ20 በላይ ናቸው። ቀይ ሽብርን የሚያስታውስ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ራሱን ከማን ጋር እንደሚያቆም ያስብበት።

አቋም የላቸውም ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ። ለዓመታት «መሬት ከሌለ፣ ቤት ከሌለ፣ ድምፅ የለም» ብለው ምርጫ አንሳተፍም ሲሉ ቆይተው በ2014 እዚህ ክፍለ ሀገር ለዲሞክራቲክ አላያንስ ድምፅ ስጡ አሉ። ያ ፓርቲ ለነጻ ገበያ የቆመ ነው፣ ከሶሻሊስት ጋር አይገጥምም። እኔ በበኩሌ ስህተት ነበር እላለሁ። ግን ያ ከኬቶ ክሬስት ግድያዎች ማግሥት ነው። የ17 ዓመት ልጅ ንቆቢሌ ንዙዛ በፖሊስ ጥይት ከሞተች ሰባት ወር ገደማ ነበር። የሚገድለንን ፓርቲ እንቅጣው ብለው ተሰብስበው ወሰኑ። ስህተት ሊሆን ይችላል፣ የተሸጡ ሰዎች ውሳኔ ግን አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብዎ እኛን በቀጥታ የሚነካን ነው። የውጭ ሰው ይጠላሉ፣ የሚዘርፉን ቀይ ለባሾቹ ናቸው ብለዋል። ጋሼ፣ ይሄ ሐሰት ነው። ሳያውቁ ነው የጻፉት ብዬ ማመን እፈልጋለሁ።

በሜይ 2008 በዚህ አገር 62 ሰው ተገደለ። ያኔ ብዙ ፖለቲከኛ አፉን ዘግቶ ሳለ፣ አባህላሊ መግለጫ አወጣ። ድርጊት ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ግን ሕገ ወጥ ሊሆን አይችልም አለ። በአንድ መንደር የሚኖር ሰው የዚያ መንደር ሰው ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ጓድ ነው አለ። ይሄን ያሉት ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አይደሉም። ሥራ ፍለጋ ከእኛ ጋር የሚጋፉት፣ ከሱቃችን በዱቤ የሚወስዱት ድሆች ናቸው። በኋላም ከኮንጎ ስደተኞች ጋር አብረው ሠርተዋል። ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ መታወቂያ ሲጠይቅ የነበረውን፣ ኦፕሬሽን ዱዱላ የሚባለውን የውጭ ሰው ይውጣ ባይ ቡድን ፍርድ ቤት ከከሰሱት አራት ከሳሾችም አንዱ አባህላሊ ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ ያለ ሐበሻ ይሄን ሳያውቅ መቅረቱ ያሳዝነኛል፣ የተከራከሩት ስለ እኛ እናቶችና ሕፃናት ነበርና።

ዝርፊያ የለም እያልኩ አይደለም። እኔም ተዘርፌአለሁ፣ ሁለት ጊዜ። አንዴ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ ተደግኖ። የዘረፉኝን ልጆች ፊታቸውን አውቀዋለሁ፣ ከቀይ ቲሸርት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ያየሁትን ልንገርዎት። አፕሪል 2015 ነው። ደርባን ውስጥ እሳት ተነስቷል፣ ኢሲፒንጎ፣ ኡምላዚ፣ ክዋማሹ። ኡምላዚ ውስጥ የኛ አገር ልጆች ሱቃቸው ውስጥ እንዳሉ በእሳት ተጠቁ የሚል ወሬ ደረሰን። እኔ መዝጊያውን ከውስጥ ቆልፌ መብራት አጥፍቼ ከአንድ ወንድሜ ጋር የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። አንዲት ሴት ናት፣ ደንበኛዬ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በወር መጨረሻ ሁልጊዜ ዱቤዋን የምትከፍል። እኛ ነን አለች፣ አትክፈት፣ እዚህ እንቀመጣለን። በቀዳዳ ሳይ አራት ሴቶች ናቸው። የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው በሩ ላይ ተቀመጡ። ብርድ ልብስ ተከናንበዋል፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ያው ቀይ ቲሸርት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዱላ የያዙ ልጆች መጡ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ ዙሉዬም እስከዚያ አይደርስም ነበር። የሰማሁት አንዷ የአንዱን ልጅ እናት ስም ጠርታ ስትጮህበት ነው። ሄዱ። ሴቶቹ እስኪነጋ ዘፈኑ።

ጠዋት መዝጊያውን ስከፍት ዳቦና ሻይ ቅጠል ገዛችኝ። ገንዘቡን አልቀበልም ስላት ተቆጣች፣ ሳንቲሙን ቆጥራ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ባለፈው ሳምንት ጽሑፍዎን ስልኬ ላይ ሳነብ መጣች። በአንድ ገጽ ላይ የአባህላሊን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስለጻፉት ዓይኗ ገባ። ስለ እኛ ምን ብለው ነው የጻፉት ብላ ጠየቀችኝ። ቆይ እነግርሻለሁ አልኳት። ሌላውን ሐሳብዎን ይያዙት፣ እንከራከርበታለን። ያቺን «የሚዘርፉን ቀይ ለባሾቹ ናቸው» የምትለዋን መስመር ግን አውጥተው እንደገና ይላኩልን። ነገ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ትመጣለች።